ካንሰሩ ወጥቶላት ለምን ይደክማታል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ባለቤቴ 41 ዓመቷ ነው፤ ጥልፍ ትሠራለች። አምና ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ካንሰር ነው ተባለ። ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ቶሎ ደርሳችኋል፣ ይድናል አሉን። ጡቷ ወጣ፤ ከብብቷም ንፍፊት ተወሰደ፤ ስምንት ዙር ኬሞ ወሰደች። ኬሞው ካለቀ ሰባት ወሩ ነው። አሁን በቀን አንድ ታሞክሲፌን ትውጣለች። ምርመራዋ ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳም ደክሟት ነው። መርፌ ይዛ ትቀመጥና ትታው ትነሳለች። ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፋ ትጥለዋለች። የነገርኳትን ትረሳለች። እናቴም የራሷ እህትም ‹ካንሰሩ እንደሆነ ወጥቷል፣ ፊቷም ሞልቷል፣ ሰው ስላባበላት ነው እንጂ ምን ሆና ነው› ይላሉ። እኔም አንዳንዴ እንደነሱ ማሰብ ጀምሬያለሁ። የደበቁን ነገር አለ? ወይስ ሰንፋ ነው?»

ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። የሁለቱንም ጥያቄ መልስ መጀመሪያ ልስጥህ። የደበቁህ ነገር አለ የሚያሰኝ ምልክት በደብዳቤህ ውስጥ አላየሁም። ባለቤትህም አልሰነፈችም። ድካሙ፣ መርፌውን ትታ መነሳቷ፣ የሌሊቱ ሙቀት፣ መርሳቱ፣ ሁሉም ሕክምናው ጥሎት የሚሄድ የታወቀ ጣጣ ነው። የካንሰር ሐኪም ሆኜ እዚሁ ጎንደር ስሠራ ከታካሚዎቼ አፍ የማይጠፋ ነው።

ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ግን ለቤትህ አይበቃም። እናትህ እንዲያ የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም። ፒያሳም ሂድ፣ ማራኪም ሂድ፣ ደባርቅም ውጣ፣ የሚባለው ይኸው ነው። ቶሎ ተደርሶበታል ሲባል ሰው ቀላል ነው ብሎ ይሰማዋል። ቀላል ከሆነ ደግሞ ሕክምናውም ቀላል መሆን አለበት፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የምትደክም ሴትም ሌላ ምክንያት ይፈለግላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ቶሎ ሲገኝ የመዳን ዕድሉ ይሰፋል። የሕክምናው ሸክም ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይከብዳል። ካንሰሩ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ከተሰራጨ በኋላ ለምትመጣ ሴት ዓላማችን በሽታውን መግታት፣ ዕድሜዋን ማርዘምና ሕመሟን ማስታገስ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን እየመጠንን፣ ሲከብዳት እያሳረፍን እንሄዳለን። ቶሎ ለመጣችው ሴት ግን ዓላማችን ጨርሶ ማዳን ነው። የሚታየውን እብጠት ቀዶ ሐኪሙ ያወጣዋል። የማይታየው ነው የሚያስፈራን። በአልትራሳውንድም በሲቲ ስካንም የማይያዙ ጥቂት ሴሎች በደም ሄደው የሆነ ቦታ ተደብቀው ይሆናል። እነሱን ለማጥፋት ስንል ኬሞውን፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት፣ በሙሉ መጠኑ፣ ቀኑን ሳናዛንፍ፣ አንዱን ዓይነት ከሌላው እያከልን እንሰጣለን። ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ በላዩ ላይ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚወሰድ ክኒን እንጨምራለን፤ የባለቤትህ ታሞክሲፌን ይህ ነው። የባለቤትህን ሰውነት ያን ያህል ያስቸገርነው መዳን ስለምትችል ነው።

(ቶሎ የተገኘባት ሁሉ ኬሞ ትወስዳለች ማለቴ አይደለም። እብጠቷ ትንሽ፣ ዓይነቱም የማይፋጠን ሆኖ በቀዶ ሕክምናና በክኒን ብቻ የምትታከም አለች። የአንተዋ ከእነዚህ አልነበረችም።)

ሌላም ነገር አስብ። እብጠቱን ያገኘች ዕለት ባለቤትህ ሕመምተኛ አልነበረችም። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጥልፏን እየጠለፈች፣ ቤቷን እያስተዳደረች፣ ቅዳሜ ገበያ እየወረደች ነበር። ወደ ሆስፒታል የገባችው በደህና አካሏ ነው። የታመመችው እኛ ጋ ከመጣች በኋላ ነው። በእሷ አካል ቆመህ ካየኸው፣ ካንሰሩ የሰማችው ወሬ ነው፤ ሕመሙ ግን ሕክምናው ነበር። ሕመሟ ባለፈው ዓመት የጀመረ፣ ገና ያላለቀ ነው። ቤተሰቡ ግን ሕመሙን የሚቆጥረው ከእብጠቱ ነው፤ እብጠቱ ሲወጣ ሕመሙም ያለቀ ይመስለዋል።

አሁን ያሳለፈችውን ልንገርህ። አንተ ደጅ ቆመህ ጠብቀሃታል፤ ከውስጥ ሲታይ ግን ሌላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሰው የሚያውቀው ክፍል ነው። ያኔ ቤታችሁ ሞልቶ እንደነበር እገምታለሁ። ዕድርተኛው፣ የማኅበር ጓደኛው፣ ሙዝና ብርቱካን ያልያዘ አልነበረም። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ከብብት ንፍፊት ሲወሰድ ግን አብሮ የሚነካ ነርቭ አለ። ስለዚህ የላይኛው ክንዷ የውስጥ በኩል ይደነዝዛል ወይም ይለበልባታል። ደረቷን ገመድ እንዳሰራት ጭምድድ ያደርጋታል። ትከሻዋ ካልተፍታታ ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ እጇ አይነሳም። በብዙ ሴቶች ላይ ይህ ሕመም ለወራት፣ በአንዳንዶቹም ላይ ለዓመታት ይቆያል።

ጡትን ማጣት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጡቱን ሳያወጡ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ግን ከዚያ በኋላ ከጥቂቶች በቀር ጨረር ያስፈልጋል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ለሳምንታት ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ማን ይችላል? ስለዚህ ስንት እናት፣ መትረፍ ይችል የነበረ ጡቷን ሰጥታ ተመልሳለች። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ወደ ኬሞው ልመለስ። ስምንት ዙር ሲባል ሰው ስምንት ቀን ይመስለዋል። በየሦስት ሳምንቱ አንዴ ስለሆነ ስድስት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ብዙ ጊዜ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። ከወሰደች በኋላ ሽንቷም ቀላ ይላል፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደም መስሏት ትደነግጣለች።

ዕለቱ በደም ምርመራ ይጀምራል። ነጭ የደም ሴሏ ካነሰ «ዛሬ አይሰጥሽም፣ በሳምንት ተመለሺ» ትባላለች። ልቧን አጠንክራ መጥታ እንዲያው መመለሱ እጅግ ይከብዳል። ከተሰጣት በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ያስመልሳታል። ቡና ሲቆላ ከቤት ትወጣለች። እኛ አገር ቡናን መሸሽ ጎረቤትን መሸሽ ነው፤ ሰው የሚጫወተው፣ የሚጠያየቀው እዚያ ነውና። አፏ ይቆስላል፤ በርበሬ ያለበት አይቀመስም። ውሃው ሳይቀር ብረት ብረት ይላታል።

ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎቿ ከሁሉም በታች ይወርዳሉ። ሰውነቷ ተህዋሲያንን መከላከል ያቅተዋል። ያኔ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። ስለዚህ ልጇ ሲያስለው ትፈራለች። ለቅሶ አትደርስም። ለቅዳሴ ሰው መሃል አትቆምም። በሦስተኛው ሳምንት ቀና ትላለች፤ ምግብ ይጥማታል፤ ቤቷን ታሰናዳለች። ጎረቤት የሚያያት ያኔ ነው። «ውይ፣ ምንም አልሆንሽ እኮ!» ይሏታል። ከዚያ ቀኑ ይደርስና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንዳንዷ ጥቂት ዙር ከወሰደች በኋላ መርፌው ሳይነካት፣ የሆስፒታሉን በር ስታይ ብቻ ያስመልሳታል። ሰው ማስመሰል ይለዋል። አይደለም። አእምሮ ቦታውንና ሽታውን ከሕመሙ ጋር አያይዞ ስለሚይዘው ነው። በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

ፀጉሯ ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይረግፋል። ሹሩባ ስትሠራ የኖረች ሴት ጧት ትራሷ ላይ ስታገኘው ምን እንደሚሰማት አንተ አይተሃል። ከዚያ ሻሽ ታስራለች፤ በላዩ ነጠላዋን ትደርባለች። በወጣው ጡቷ ቦታ ጨርቅ ሸጉጣ ጡት መያዣ ታደርጋለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ምንም አያይም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የካንሰርን ስም አይጠራም፤ «ትንሽ እብጠት ነበረች፣ ወጣችላት» ይባላል። እንዲህ ተሸፋፍኖ ያለፈን መከራ ሰው ከየት ያውቀዋል? እናትህም ሙሉውን ሰምተው ላይሆን ይችላል።

የፊቷ መሙላትም ሌላው አሳሳች ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲከሳ ታሟል፣ ሲወፍር ድኗል እንላለን። ለአለርጂና ለማቅለሽለሽ ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ፊትን ይሞላል፣ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። የሴት ሆርሞን ሲቀንስም ክብደት ይጨምራል። «አምሮብሻል እኮ» ሲሏት፣ የሚያምርባት ሕክምናው ያመጣው እብጠት ነው። እሷም ምን ብላ ትመልሳለች? «ተመስገን» ትላለች። ማመስገኗ ከልቧ ነው፤ መድከሟም እውነት ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ወደ ጥልፍ መርፌዋ እንምጣ፤ ደብዳቤህን ሳነብ ያሳዘነኝ እሱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ዙሮች ፓክሊታክሴል ከሚባለው መድኃኒት ከነበሩ፣ እሱ በጣትና በእግር ጫፍ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች ይጎዳል። ጣቷ ይደነዝዛል፣ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላታል፣ አንዳንዴም ይለበልባታል። መርፌው በጣቶቿ መካከል መኖሩን በዓይኗ ካላየች አታውቅም። ክሩ መጥበቁን አትለይም። የጎንደር ጥልፍ ምን ያህል የጣት ሥራ እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የቀሚስን ጥለት ዕድሜ ልኳን ስትጠልፍ የኖረች ሴት መርፌውን ትታ ስትነሳ ሥራውን ጠልታው አይደለም፤ እጇ እምቢ ብሏት ነው። ምናልባት ለአንተም አልነገረችህም። ገቢዋ፣ ስሟ፣ ሞያዋ በዚያ ጣት ላይ ነው ያለው። እንደማይመለስ እንዳይነገራት ልትፈራም ትችላለች።

እውነቱን ልንገራት፦ ብዙዎቹ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመትና ከዚያ በላይ ጊዜ ውስጥ ይሻሻላሉ። በአንዳንዶች ላይ ግን የተወሰነ መደንዘዝ ይቀራል። ለአሁኑ በደማቅ ብርሃን፣ በወፍራም መርፌ፣ በአጭር በአጭሩ ትሞክር። ምጣድ፣ ጀበናና ከሰል ላይ ተጠንቀቁ፤ የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ሌሊት የሚለበልባት ከሆነ ለሐኪሟ ትናገር፤ የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ።

ድካሙ ከሁሉም በላይ ሰው የማይረዳው ነው። አንተ ስትደክም ትተኛለህ፣ ስትነሳ ይለቅሃል። ይህኛውን እንቅልፍ አያስለቅቀውም። እግሯን ብታዘው እምቢ ይላታል፤ ሽሮ እያማሰለች መሃል ላይ ትቀመጣለች። ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ ከአራት ወይም ከሦስት ሴቶች አንዷ በዚህ ድካም እንደምትቸገር ጥናቶች ያሳያሉ። ሰባት ወር ገና ነው።

የሌሊቱ ሙቀት ከሆርሞን ነው። ኬሞው የእንቁላል ማምረቻዋን ሊያዳክም፣ ያለ ዕድሜዋ ወደ ማረጥ ሊወስዳት ይችላል። ታሞክሲፌኑም የሴት ሆርሞን ጡት ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። የጎንደር ሌሊት ብርድ ነው፤ አንተ ጋቢ ስትደርብ እሷ ላብ በላብ ሆና ትነቃለች። በሌሊት ሁለት ሦስቴ የሚነቃ ሰው ቀን ቢረሳና ቢነጫነጭ ይገርማል? መርሳቱ ከኬሞውም ይመጣል። ለአብዛኞቹ እየቀለለ ይሄዳል። እስከዚያው የሚረሳውን ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ «ነግሬሽ አልነበር?» የሚለውን ተወው።

ፍርሃቱን አልጻፍክልኝም። አለ ግን። ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ የምታጣ፣ ወገቧን ባመማት ቁጥር «ተመለሰ» ብላ የምታስብ ብዙ ናት። ኬሞ ሲወስዱ ነርስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቀጠሮ አለ። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀራል። ጠያቂም ይቀራል። አንዳንድ ሴቶች ከዋናው ሕክምና ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት እንደከበዳቸው ይነግሩኛል። እኔም ይህን ከልቤ አምናለሁ።

እናትህን እንዴት ላስረዳ ካልክ፣ አራስን አንሳላቸው። ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ድረስ አራስ ገንፎ ይሠራላታል፣ አጥሚት ይሰጣታል፣ ከባድ ሥራ አይነካትም። «ልጁ እንደሆነ ወጥቷል፣ አሁን ምን ሆነሽ ተኛሽ?» የሚላት ሰው የለም። እናትህ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ባለቤትህ የተቀደደች፣ ስድስት ወር መድኃኒት በደም ሥሯ የፈሰሰባት፣ አሁንም በየቀኑ ክኒን የምትውጥ ሴት ናት። ይህን ከነገርካቸው በኋላ ሥራ ስጣቸው። «እማዬ፣ ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራውን አንቺ ጋግሪልን» በላቸው። ሥራ የያዘ ሰው መፍረዱን ይተዋል።

ቤት ውስጥ የምትችለውን ልንገርህ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እሷ እንዳታነሳው። ብርድ ልብስ ማጠብም ይቅር። ንፍፊቱ ሙሉ በሙሉ ከተወሰደላቸው ሴቶች ከአምስት አንዷ ያህል የዚያ ወገን ክንዷ ያብጣል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ቀለበቱ፣ አምባሩ ወይም የልብሷ እጅጌ ከጠበባት ሳትቆዩ አሳዩ። ያ ክንድ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ካመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እጇን ፈርታ ጨርሶ አታሳርፈው ግን። ቀስ እያለ የሚጨምር እንቅስቃሴ አይጎዳውም፤ ግድግዳ ላይ በጣቶቿ ወደ ላይ እየወጣች ትከሻዋን ታፍታታው።

ለድካሙ ከሁሉም የተሻለው መድኃኒት፣ ግር ቢልህም፣ መንቀሳቀስ ነው። ብርዱ ሲገፈፍ አብረሃት ውጣ። አሥር ደቂቃ በቂ መጀመሪያ ነው። በሳምንት በሳምንት እየጨመራችሁ ግማሽ ሰዓት አድርሱት። «ተነሺ» ብለህ አትላካት፤ አብረሃት ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሟ ሌላ ምክንያት እንዳለ ይይ፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት። ዶክሶሩቢሲን አልፎ አልፎ ልብን ስለሚያዳክም፣ ዳገት ስትወጣ የሚያፍናት ወይም እግሯ የሚያብጥ ከሆነ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል።

ክኒኑ እንዳይቋረጥ። ካንሰራቸው በሴት ሆርሞን የሚያድግ ሴቶች ታሞክሲፌንን 5 ዓመት ሲወስዱ በካንሰሩ የመሞት አደጋው በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ሴት ሙቀቱ ሲያስቸግራት፣ ወይም «ድኛለሁ» ብላ፣ ወይም መድኃኒቱ ገበያ ላይ ሲጠፋ ታቆመዋለች። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። ክኒኑ ሰዓት አይመርጥም፤ በጾም ወቅት ከምሳ በኋላም፣ ማታም ይዋጣል። ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ጸበል ብትገባም ክኒኗ አብሯት ይግባ።

ሁለት ነገር በተለይ ያዝልኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ናቸው። አንደኛ፣ ድብርት ነው ተብሎ መድኃኒት ከታዘዘላት ታሞክሲፌን እንደምትወስድ ንገሩ። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፍሉኦክሴቲን የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያዳክም ይችላል፤ ሌላ የሚስማማ አለ። ሁለተኛ፣ የወር አበባዋ ቢቀርም ልታረግዝ ትችላለች። ታሞክሲፌን ፅንስን ይጎዳል። የእርግዝና መከላከያው መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ክኒኑ ደግሞ ሆርሞን ስለሆኑ ለእሷ አይሆኑም። ኮንዶም ወይም ሆርሞን የሌለው ሉፕ ነው የሚሻለው።

ስለ መኝታችሁም አልጠየቅከኝም፤ የሚጠይቀኝ ወንድ ጥቂት ነው። ልብሷን በጨለማ መቀየር ጀምራ ከሆነ፣ ገላዋን የምትሸሽገው ከአንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ እሷ ራሷም መስታወት ትሸሽ ይሆናል። ሆርሞኑ ሲቀንስ ብልቷ ይደርቃል፤ ግንኙነት ያማታል። ፋርማሲ የሚሸጥ ውሃማ ማለስለሻ ይረዳል። ጠባሳዋን እንዳየኸውና እንዳልሸሸኸው ታውቅ። በቃል ንገራት፤ ዝምታህን በሌላ ነው የምትተረጉመው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሃት ወደ ውስጥ ግባ። እሷ «ደህና ነኝ» ልትል ትችላለች፤ ሐኪሙም ወረፋ በዝቶበት ያልፈዋል። አንተ ለእኔ የጻፍከውን ለእሱ ንገረው፦ ጣቷን፣ ድካሙን፣ ሌሊቱን፣ መርሳቱን። ከቀጠሮው በፊት ግን ከሳምንታት በላይ የቆየና እየባሰ የሚሄድ የአጥንት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ጠባሳው ላይ ወይም ሌላኛው ጡቷ ላይ አዲስ እብጠት ካየህ ቀን አትቁጠር። ታሞክሲፌን እየወሰደች ከማሕፀኗ ያልተለመደ ደም ከመጣ፣ ወይም አንድ እግሯ ብቻውን አብጦ ካመማት፣ ዕለቱን ውሰዳት።